የእህቴ ሕመምና የሽንኩርት ሥር

"ፒማት" የምትባለዋን ቃል እጠላታለሁ። የሰው ስም አይደለችም፤ ያገር ስምም አይደለችም። ተማሪዎቻችን የህዋስን አከፋፈል ለፈተና የሚሸመድዱባት አሕጽሮት ናት። ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ፤ የአራቱ የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት ተገጣጥመው ፒማት ሆኑ። ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ስንቱ ልጅ ይህችን ቃል እያነበነበ ማትሪክ እንደተቀመጠ አላህ ይወቀው። አንዱን አቁማችሁ "ለመሆኑ የሚከፈለው ምንድን ነው? የትስ ነው የሚከፈለው? አሁን አንተ እዚህ ቆመህ ሳለ በሰውነትህ ውስጥ እየተከፈለ ነው ወይስ አይደለም?" ብትሉት አፍጥጦ ያያችኋል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ዓይቶት የማያውቀውን ነገር፣ በቤቱ በማይነገር ቋንቋ፣ ከሰሌዳ ላይ ገልብጦ በፈተና ቀን መልሶ እንዲያስረክብ ብቻ ስለተነገረው ነው።

ትምህርት ቤታችን "ላቦራቶሪ" ተብሎ የተጻፈበት በር አለው። ከበሩ በስተጀርባ ያለው ግን እግሩ የተሰበረ ዴስክ ክምር ነው። ማይክሮስኮፖቹ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ፣ መስታወት ባለው ቁም ሣጥን፣ ከስፖርት ዋንጫዎች ጎን ተሰልፈው ይቆማሉ። አንዱን ለክፍል ላውጣ ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር መልሱ ያው ነበር፦ "የመንግሥት ንብረት ነው። ቢሰበር ማን ይጠየቃል?" ከላይ እንግዳ ሲመጣ ግን አቧራቸው ይጠረጋል። በዚህ ስበሳጭ ዓመታት አልፈዋል። ይሁንና እስከዚያ ድረስ የነበረው ብስጭት ብቻ ነበር፤ እንዲህ ውስጥን የሚያቃጥል ንዴት ያወቅሁት በእህቴ ነው።

እህቴ ታላቄ ናት። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች እታለም እላታለሁ እንጂ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ከገበያው አጠገብ ከአባታችን የቀረ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና የልብስ ጥለት ትሸጣለች። አባታችንም አያታችንም የነገዱት እዚያው ላይ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን ያሳደገችውም በዚያው ሱቅ ነው። ነገር በሆዷ የማትይዝ፣ ሰው ሊያታልላት ሲሞክር አካባቢው ሁሉ እስኪሰማ የምትናገር ሴት ናት።

በአንድ የረመዳን ሰሞን ከግራ ጡቷ ወደ ብብቷ ጠጋ ብሎ ጠጠር የመሰለ ነገር ዳሰሰች። አያማትም። ስላላመማት ናቀችው። ከዒድ በኋላ ግን ለማንም ሳትነግር ሱቋ አጠገብ ወዳለ የግል ክሊኒክ ጎራ አለች። ነጭ ጋወን የለበሰው ሰውዬ በልብሷ ላይ ነካ ነካ አደረገና "ስብ ነው እናቴ። ያጠባች ሴት ላይ ያለ ነው" አላት። ቅባት ጻፈላት። እታለም እንደታዘዘችው ጠዋትና ማታ ተቀባች። ጠጠሩ አደገ። ተመልሳ ሄዳ "ኧረ ይኼ ነገር እየጨመረ ነው" ብትለው፣ "ቅባቱን በደንብ አልተጠቀምሽም" ብሎ እሷኑ ተቆጣትና ሌላ ቅባት ጻፈላት።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። የሰውነት አካል አደገ ማለት ህዋሱ ተከፈለ ማለት ነው። አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት፤ ላይ ላዩን የተቀባ ቅባት አያቆመውም። ሰውዬው ይህንን ተምሯል። እሱም በጊዜው ፒማት እያለ ሸምድዶ፣ ፈተናውን አልፎ፣ ጋወኑን ለብሶ ነው እዚያ የተቀመጠው። እያደገ ያለ ጠጠር በልብስ ላይ ተዳስሶ የሚታለፍ እንዳልሆነ ለማወቅ ከዚያ በላይ ትምህርት አያስፈልገውም። "እኔ አልችለውም፣ ሆስፒታል ሂጂ" ማለት ምን ነበረበት?

ጠጠሩ ቆዳዋን ወደ ውስጥ መሳብ ሲጀምር እታለም ለወንድማችን ነገረችው። ወንድማችን የሁላችንም ታላቅ ነው፤ ከአይከል እህል እያመጣ ይነግዳል፤ አባታችን ካለፈ ወዲህ ቤተሰቡ ውስጥ የሚጸናው ቃል የእሱ ነው። እኔ ያን ጊዜ ለክረምት ሥልጠና ሌላ ከተማ ነበርኩ። ሆስፒታል ይዟት የሄደው እሱ ነው፤ ለዚህ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። በመርፌ ናሙና ተወሰደላት። የውጤቱ ቀን እታለም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ሳለ እሱ ቀድሞ ገባ። ሐኪሟ "ታማሚዋ ትግባና ላስረዳት" ስትል "ድንጉጥ ናት፤ እኔው ቀስ ብዬ እነግራታለሁ" አላት። ከዚያ ወጥቶ ለእህቴ፣ "እጢ ነው አሉ። መጀመሪያ በግሉኮስ መድኃኒት ይሰጡሽና ሲሟሽሽ ያወጡታል" አላት። ለእኔም በስልክ ያለኝ ይህንኑ ነው።

ከሥልጠናው የተመለስኩ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ሻሿን አውልቃ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ማበጠሪያው እጇ ላይ ነው፤ ጭኗ ላይ ግን ፀጉሯ በእፍኝ በእፍኝ ወድቋል። ያ ወፍራም ፀጉሯ፣ ሳበጥርላት ክንዴን ያደክመው የነበረው። አፏ ቆስሎ ምራቋን መዋጥ አቅቷታል። ቀና ብላ አየችኝና፣

"ምነው እህቴ፣ እጢ ፀጉር ይበላል እንዴ?" አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ግሉኮስ፣ የአፍ ቁስል፣ የፀጉር መርገፍ፤ ለዚህ ስም ለመስጠት ሐኪም መሆን አያሻም። ወደ ግቢው ወጣሁና ለወንድማችን ደወልኩ።

"ካንሰር ነው አይደል?"

"ድምፅሽን ቀንሺ" አለኝ።

"ለምን አልነገርካትም?"

"ካወቀች በድንጋጤ ነው የምትሞተው። ደግሞ ልጅቷ ለትዳር ደርሳለች። እናቷን ያ በሽታ ይዟታል ከተባለ ማን ደጇን ይረግጣል? አንችም ዝም በይ፤ እንዳትነግሪያት።"

ስልኩን ዘጋሁበት። ዞር ስል እታለም በሩ ላይ ቆማለች፤ ሻሿን በእጇ ጨብጣ።

"ምን አልሽው? ካንሰር ነው ያልሽው?"

"ግቢና ቁጭ በይ እታለም።"

"ቆሜ እሰማለሁ። ነው ወይስ አይደለም?"

"ነው።"

ድንጋጤ ይገድላታል የተባለችው እህቴ አልሞተችም። ግድግዳውን ተደግፋ ገባችና አልጋው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ዓይኗ ውስጥ የነበረው እንባ ሳይሆን ሱቅ ውስጥ የማውቀው ቁጣዋ ነበር።

"የኔ ገላ ነው" አለች። "በመርፌ የተወጋሁት እኔ ነኝ። መድኃኒቱን የማስመልሰው እኔ ነኝ። እሱ አወቀ፣ እኔ አላወቅሁም? በየሰላቱ ምን ብዬ ዱዓ እንደማደርግ እንኳ ሳላውቅ?"

ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ።

"አንች አስተማሪ ነሽ። ንገሪኝ እስቲ፣ ምንድን ነው እሱ? ሰው ሁሉ ያ በሽታ፣ ያ በሽታ ይላል እንጂ ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ከየት መጣብኝ? የሰው ዓይን ነው? ማንን በደልኩ?"

"ማንንም አልበደልሽም። ከውጭም አልመጣም። የገዛ ህዋስሽ ነው።"

ከአልጋው ራስጌ የስፌት ቦርሳዋ ነበር። ከፍቼ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቢጫ ክር አወጣሁና አጫጭር አድርጌ ቆረጥኩ። ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ዘረጋሁት። እሷም ከአልጋው ወርዳ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ሰው ሁሉ ሲጀመር አንድ ህዋስ ነው" አልኳት። "አንችም፣ ልጅሽም፣ እኔም። ያ አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱም እየተከፈሉ ሄዱ፤ እጅ ሆነ፣ ዓይን ሆነ፣ ልብ ሆነ። በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ እንዲህ እንደ ክር ቀጫጭን የሆነ ነገር አለ፤ ክሮሞዞም ይባላል። ሰውነትሽ እንዴት እንደሚሠራ ትእዛዙ ያለው እሱ ላይ ነው። ህዋሱ ከመከፈሉ በፊት ለእያንዳንዱ ክር ትክክለኛ አምሳያውን ይሠራል።" ከቀዩ ጎን ቀይ፣ ከአረንጓዴው ጎን አረንጓዴ አደረግሁ፤ ጥንድ ጥንዱን ወገባቸው ላይ ቋጠርኩ። "ከዚያ ጥንዶቹ መሐል ላይ ይሰለፋሉ። ከወዲህና ከወዲያ የሚጎትታቸው አለ። ቋጠሮው ይፈታና አንዱ ወደዚህ፣ አምሳያው ወደዚያ። መሐሉ ላይ ይለያያል፤ ሁለት ህዋስ ሆነ። ሁለቱም ከመጀመሪያው ያልተለየ ክር ያዙ። ሚቶሲስ የሚባለው ይኼ ነው።"

እታለም አረንጓዴውን ጥንድ አንስታ ቋጠሮውን ፈታችና አንዱን ወደ ራሷ፣ አንዱን ወደ እኔ አደረገች።

"አሁንም እንዲህ እየሆነ ነው? እዚህ ተቀምጠን?"

"አሁንም። ቆዳሽ ሲረግፍ በሥሩ የሚተካው በዚህ ነው። መቀስ ጣትሽን ሲቆርጥሽ የሚገጥመው በዚህ ነው። የአንጀትሽ ውስጥ፣ የአፍሽ ውስጥ፣ ደምሽ፣ ፀጉርሽ፤ እነዚህ ቶሎ ቶሎ ነው የሚከፈሉት። ይህ ባይኖር ትንሿ ጭረት ሳትሽር ትቀር ነበር።"

"ታዲያ ይኼ ሸጋ ነገር አይደለም እንዴ? ምነው ጠላት ሆነብኝ?"

"ሸጋ የሚሆነው ጀምር ሲባል ጀምሮ በቃ ሲባል ሲያቆም ነው። ቁስሉ ከገጠመ በኋላ ህዋሱ በቃ ይባላል፤ ያቆማል። ያ ትእዛዝ ራሱ ክሩ ላይ ነው ያለው። ክሩ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ስሕተት ይገባል። አብዛኛውን ሰውነትሽ ራሱ ያርመዋል። አንዳንዱ ግን ያመልጣል፤ ያመለጠውም በዕድሜ ላይ ዕድሜ ይጠራቀማል። አንድ ቀን በቃ የሚለው ትእዛዝ የተበላሸበት ህዋስ ይገኛል። እሱ ሲከፈል ልጆቹም በቃ የሚባል ነገር አያውቁም። ጡትሽ ላይ ያለው እሱ ነው።"

"መድኃኒቱስ?"

"የሚከፈለውን ህዋስ እያሳደደ ይመታል። ግን የታመመው ሲከፈልና ጤነኛው ሲከፈል አጥርቶ አይለይም። ፀጉርሽ የረገፈው፣ አፍሽ የቆሰለው ለዚህ ነው። በሽታው አይደለም የበላው፤ መድኃኒቱ ነው። ሲያበቃ ይመለሳል።"

"ይመለሳል?"

"ይመለሳል።"

ክሮቹን በጣቷ ነካካችና ራሷን ነቀነቀች። "ይህን ነው የደበቁኝ? ይህን ለመንገር ነው የፈሩት? እኔ እኮ ፀጉሬ ሲረግፍ ወደ ጭንቅላቴ ወጣ፣ በቃኝ፣ ሞቴ ነው ብዬ ለልጄ አደራ ማለት ጀምሬ ነበር!" አሁን እንባዋ መጣ። የእኔም መጣ፤ ግን ከሐዘን ይልቅ በንዴት ነበር። ሐቁ ሊገድላት ነው ተብሎ ውሸቱ ሲገድላት ከርሟል።

እንባዋን ጠራርጋ፣ "ተማሪዎችሽ ይህን ያዩታል? በዓይን ይታያል?" አለችኝ።

"በማይክሮስኮፕ ይታያል። ተማሪዎቼ ግን አያዩትም።"

"ምነው?"

"ማይክሮስኮፑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።"

"ተቆልፎበታል?" አለች፤ በወንድማችን የተናደደችውን ያህል ተናደደች ብል አላጋነንኩም። "ሰው ይህን እንዳያይ ይቆለፍበታል? አስከፍችውና እኔንም አሳዪኝ።"

ወንድማችን በማግስቱ መጣ። እታለም ሻሿን አውልቃ ጠበቀችው። ራሷን ሲያይ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። "ለእናንተ ብዬ ነው" አለ። "ለልጅሽ ብዬ ነው።" ልጅቷ ከጓዳ ወጣችና፣ "አጎቴ፣ በእናቴ ሕመም የሚሸሽ ሰው ቢመጣ እኔ የማገባው ይመስልሃል?" አለችው። ከዚያ ወዲያ ብዙ አልተነጋገርንም። ለቀጣዩ ቀጠሮ ግን ከእታለም ጋር የገባሁት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ነገሩን ስትሰማ ደነገጠች፤ "ነግሬያታለሁ ብሎኝ ነበር እኮ" አለች። ወንበሯን አስጠግታ ሁሉንም እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳቻት። እታለምም ያን ዕለት ጥያቄዋን ሳትጨርስ አልተነሳችም።

የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ትምህርት ሲከፈት ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። የህዋስ አከፋፈል ትምህርት ላይ ልደርስ ነው፣ አንድ ማይክሮስኮፕ ይሰጠኝ አልኩት። ከወንበሩ ሳይነቃነቅ ሳቅ አለ።

"ፈተናው ላይ ማይክሮስኮፕ አይመጣም እኮ። ፒማትን ከያዙ ይበቃቸዋል።"

"እህቴ ላይ መጥቷል" አልኩት።

አልገባውም። እስኪገባውም አልጠበቀም። "ለንብረት ክፍል በጽሑፍ አመልክቺ" ብሎ ስልኩን አነሳ። አመለከትኩ። ንብረት ክፍል "ርዕሰ መምህሩ ይፍቀድ" አለኝ፤ ርዕሰ መምህሩ "ንብረት ክፍል ኃላፊነት ይውሰድ" አለኝ። ሁለቱ ቢሮዎች ግድግዳ ይጋራሉ። በመካከላቸው ስመላለስ፣ ያ መስታወት ውስጥ የቆመው ዕቃ ማንም ሳያይበት ሌንሱ ሻጋታ እንደሚያወጣ፣ ያኔም በደንብ ተጠብቆ የነበረ ንብረት ተብሎ ከመዝገብ እንደሚሰረዝ አሰብኩ። ለእነሱ ንብረት ማለት ያልተነካ ማለት ነው።

የወላጆች ስብሰባ ነበር በዚያ ሰሞን። ርዕሰ መምህሩ ስለ ዩኒፎርምና ስለ ማርፈድ ተናግሮ ሲጨርስ እጄን አወጣሁ።

"ወላጆች፣ በዚህ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ እንዳለ ታውቃላችሁ? ልጆቻችሁ አንድም ቀን አይተውበት አያውቁም። ቢሮ ውስጥ ተቆልፏል።"

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ከትክል ድንጋይ አካባቢ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር የልጅ ልጅ ያላቸው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። እኔ ስለ ማይክሮስኮፕ ምንነት ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረው፣

"ምነው ታዲያ፣ ለጌጥ ነው እንዴ የተገዛው?" አሉት።

ሳቁ ሲበረታበት እሱም አብሮ ፈገግ አለ። "ይወጣል አያ፣ ይወጣል። እኛም እያሰብንበት ነበር" አለ። እያሰበበት እንዳልነበር እሱም እኔም እናውቃለን። ቢሆንም ሁሉም ፊት ቃል ገብቷልና ቁልፉን ሰጠኝ።

ያለኝ መሣሪያው ብቻ ነበር። ህዋሱን የሚያቀልመው ቀለም ከጠርሙሱ ግርጌ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ቤት ውስጥ ቀይ ሽንኩርቶች በውኃ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀመጥኩ፤ ከቀናት በኋላ ነጫጭ ሥር አወጡ። ሽንኩርት ሥሩ ጫፍ ላይ ነው ቶሎ ቶሎ የሚከፈለው። ለቀለሙ መላ ያገኘሁት ከእታለም ዘንድ ነው፤ ለአፏ ቁስል ከፋርማሲ የገዛሁላት ጂቪ የሚባለው ሐምራዊ የቁስል ቀለም። በኮምጣጤ አቅጥኜ ሞከርኩት፤ ያዘ። የሥሩን ጫፍ ቆርጬ፣ አለስልሼ፣ አቅልሜ፣ በሁለት መስታወት መካከል በአውራ ጣቴ ስጫነው ተሳክቶልኝ ክሮቹን ያየሁ ጊዜ እዚያው ብቻዬን ጮህኩ። ዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ እኔም አይቼው አላውቅም ነበር።

በትምህርቱ ቀን መብራት ጠፋ። ደግነቱ ማይክሮስኮፑ መስታወት ነበረው፤ መስኮት አጠገብ አስቀምጬ በፀሐይ ብርሃን አበራሁት። እታለም በዚያን ጊዜ መድኃኒቱን ጨርሳ፣ ቀዶ ጥገናውንም ካደረገች ሰንብታለች። መንገድ ተዘግቶ መድኃኒቱ የዘገየበት ሰሞን ነበር፤ ያንንም አልፋዋለች። አረንጓዴ ሒጃቧን ለብሳ በባጃጅ መጣችና የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጠች።

ተማሪዎቹ ተራ ይዘው አንድ በአንድ ዓይናቸውን አስጠጉ። መጀመሪያ ሲገፋፉና ሲሳሳቁ ነበር። ከዚያ አንዷ "ቲቸር፣ ተለያይተዋል! ሁለት ቦታ ተጎትተዋል!" ብላ ጮኸች። ሌላው "ምነው አይንቀሳቀስም?" አለ። "ስናቀልመው ሞቷል፤ እያንዳንዱ ህዋስ ሲከፈል በደረሰበት ላይ ነው የቀረው። አንዱ ገና ሲጀምር፣ አንዱ ተሰልፎ፣ አንዱ ሊጨርስ ሲል" አልኩት። ደግሞ አጎነበሰ። ፒማት ያለ አልነበረም። "ይኼ ገና ነው"፣ "ይኼኛውማ ጨርሷል" ነበር የሚባባሉት፤ በገዛ አፋቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው። ልቤ ሞላ፤ ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። እስከዛሬ በእጄ ያለፉት ልጆች ሁሉ ይህን ደስታ ተነፍገዋል፤ ያውም ቁልፍ በሚባል ነገር።

በመጨረሻ እታለም መጣች። አንዱን ዓይኗን ጨፍና አጎነበሰች። ብዙ ቆየች።

"ይኼ ነው?"

"ይኼ ነው።"

"ሽንኩርት ውስጥም?"

"ሽንኩርትም፣ አንችም፣ እኔም።"

ቀና ስትል ፊቷ ላይ የጠበቅሁት ነገር አልነበረም። ፍርሃት አይደለም፣ አድናቆትም ብቻ አይደለም። ወደ ተማሪዎቹ ዞረች። ትናገራለች ብዬ አላሰብኩም።

"ልጆች፣ እኔ ካንሰር ይዞኛል" አለች። "ጡቴ ላይ ነው። እንዲህ በቃ ሳይል የሚከፈል ህዋስ ነው። የቀዶ ጥገና ቁስሌን የገጠመልኝም ያው መከፈሉ ነው፤ ሐኪሜ ሸጋ ሆኖ ድኗል ብላኛለች። ጠጠሩ አያመኝም ነበር። ስላላመመኝ ስብ ነው ሲሉኝ አመንኩ። ቤታችሁ ሂዱና ለእናቶቻችሁ፣ ለእህቶቻችሁ ንገሩ። ባያምም ይታይ። አንዱ ስብ ነው ቢል ሌላ ቦታ ይታይ።"

ማንም አልሳቀም። ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ፣ "እታለም፣ ወንድንም ይይዛል?" አለቻት፤ እኔ ስጠራት ሰምታ እኮ ነው። "ወንድንም ይይዛል ልጄ፤ ጥቂት ነው እንጂ" ብላ የመለሰችላት እሷ ናት። ከሐኪሟ ጠይቃ የሰማችው ነው።

ርዕሰ መምህሩ በማግስቱ ጠራኝ። አስተምረሻል፣ ሸጋ አድርገሻል ሊለኝ አይደለም። "የውጭ ሰው አስገብተሽ፣ ሴትና ወንድ ተማሪ ፊት ጡት ጡት አሰኝተሻል፤ ነውር ነው" አለኝ። "ነውሩ ተማሪ ፊት መነገሩ ነው ወይስ ሴቶች ሳያውቁት መሞታቸው?" ብዬ ጠየቅሁት። ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ጥቂት ቆይቶ ከላይ እንግዶች ሲመጡ ግን ያንኑ ማይክሮስኮፕ ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ፣ የላስቲክ አበባ አጠገቡ አስቀምጦ፣ "ተግባር ተኮር ትምህርት" የሚል ወረቀት ለጠፈበት። ጎኑ ቆሜ እንዳስረዳ ፈለገ። ተማሪዎች ገብተው ካዩበት እቆማለሁ፤ ለፎቶ ግን አልቆምም አልኩት። ሌላ አስተማሪ አቆመ። እንግዶቹ ሲሄዱ ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሰ። እኔም ወደ ንብረት ክፍል ደጅ መመላለሱን ቀጥያለሁ።

ወደዚያ ክሊኒክም ከእታለም ጋር ሄደናል። ሰውዬው መጀመሪያ አላስታወሳትም። ስታስታውሰው፣ "ያኔ እኮ ትንሽ ነበር" አለ። "ትንሽ ሳለ ነበር የሚያዘው!" ብላ ስትጮህበት ወረፋ የያዙት ሰዎች ሰሙ። ጥበቃው መጥቶ አስወጣን። ክሊኒኩ ዛሬም ክፍት ነው፤ በሩ አዲስ ቀለም ተቀብቷል።

እታለም ለክትትል ትመላለሳለች። ዳነች ብዬ አልጽፍም፤ ሐኪሟም እንዲያ አትልም፤ እስካሁን ደህና ነሽ ነው የምትላት። ፀጉሯ ተመልሷል፤ እንደ ድሮው ለስላሳ ሳይሆን ጥቅልል ብሎ። ወንድማችን ለዒድ ይመጣል፣ አብረን እንበላለን፤ እስከዛሬ ግን "አጥፍቻለሁ" አላለም፣ እሷም አላነሳችበትም፤ እኔ ነኝ ያልረሳሁለት። ሱቋ የሚመጡ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያ በሽታ ተሻለሽ?" ሲሏት፣ እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ካንሰሩን ነው የምትይው?" ትላቸዋለች።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቋ ጎራ ብዬ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት መጋረጃው ጀርባ ገብታ ከእታለም ጋር ታወራለች። ክር ልትገዛ አልነበረም። ትንሽ ቆይተው ወጡ፤ እታለም በሩን መዝጋት ጀመረች፤ ገና ጠራራ ፀሐይ ነው።

"ወዴት ነው?" አልኳት።

"ሆስፒታል። ጠጠር አላት።"

ሴትዮዋ፣ "ባለቤቴን ሳልነግረው እንዴት እሄዳለሁ?" እያለች ታመነታለች። በዚያው ስልኳ ጠራ፤ እሱ ነበር። እየተንተባተበች ሳለ እታለም ስልኩን ከእጇ ተቀበለችና፣

"ወንድሜ፣ ሚስትህን ለሐኪም ላሳያት እየወሰድኳት ነው። የሚሏትን ራሷ ትሰማለች። አንተም መስማት ከፈለግህ ና" አለችው። ባጃጅ አስቁማ ሴትዮዋን አስገባቻትና አጠገቧ ተቀመጠች።